ካሎሪ ቆጠራ፣ ክብደት መቀነስና የሰውነት ሐቅ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩህሩህ፣ በጣም አዛኝ በሆነው።

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ርዕስ ከሚንበር ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አይደለም። ስለ ክብደት መቀነስና ስለ ካሎሪ ቆጠራ፣ በተለይም ክብደት ለመቀነስ በምናደርገው ጥረት ውስጥ በቂ ምግብ ስለ መብላት እንነጋገራለን። ከእናንተ መካከል «ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ ኢማም ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ እናስብ ነበር። በአንዲት እህታችን ላይ የደረሰው ነገር ግን ጉዳዩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የዲንም፣ የቤተሰብም፣ የእኛ የአስተማሪዎቹም ጉዳይ መሆኑን አሳየን። ታሪኩን የምናወጋችሁ በእሷና በወላጅ እናቷ ፈቃድ ነው። ስሟንና ሰፈሯን አንጠቅስም።

ከደብተሩ ጀርባ የነበረው ታሪክ

ይህች እህት በመስጂዳችን የሴቶችን ደርስ ከሚከታተሉት አንዷ ናት። ዕድሜዋ ከሃያ ብዙም አይዘልም። ለኒካሕዋ ቀን ተቆርጦ ነበር። ለሠርጉ ልብስ በምትለካበት ጊዜ አንዲት ዘመዷ በሰው ፊት «እንዲህ ወፍረሽ ነው የምታገቢው?» ብላ ቀለደችባት። የነበሩት ሰዎች ስቀው ረሱት። እሷ ግን አልረሳችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትበላውን ሁሉ በትንሽ ደብተር እየመዘገበች በካሎሪ ማስላት ያዘች። የእያንዳንዱን ምግብ ቁጥር ከስልኳ ላይ ትፈልጋለች፤ ትጽፋለች፤ ትደምራለች። መጀመሪያ በቀን 1500 ነበር። ቀጥሎ 1000 ሆነ። በመጨረሻ 500 ላይ ደረሰ።

ቤተሰቧ እንዳይጠይቃት ጾምን መሸሸጊያ አደረገችው። ሰኞና ሐሙስ ብላ ጀመረች፤ ከዚያ አብዛኛውን ቀን ሆነ። «ጾመኛ ነኝ» ያለችን ልጅ ብዪ ብሎ የሚጫናት የለም። መግሪብ ሲደርስ ሁለት ቴምርና ውሃ ትቀምስና «ሱሑር ላይ እበላለሁ» ትላለች። ሱሑር ላይ ደግሞ ማንም አያያትም።

እናቷ አንድ ቀን ከደርስ በኋላ አግኝተውን «ኡስታዝ፣ ልጄ ጾመኛ ሆናልኛለች፤ ዱዓ ያድርጉላት» አሉን። እኛም ማሻአላህ አልን። ይባስ ብለን በሚቀጥለው ደርስ ላይ ስሟን ሳንጠራ ለሌሎች ምሳሌ አድርገን አነሳናት። ስሟን ባንጠራም ሴቶቹ ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቁ ነበር። በኋላ እንደነገረችን፣ ከዚያን ቀን ወዲያ ልተወው ብትል እንኳ ሰው ምን ይለኛል ብላ አፈረች። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። አላህ ይማረን።

ወራት አለፉ፤ ረመዳንም መጥቶ ሄደ። ሸዋል ሲገባ እናቷና እህቶቿ በወር አበባ ምክንያት ያለፏቸውን ቀናት ቀዳ ስለ ማውጣት ሲነጋገሩ እሷ «እኔ ቀዳ የለብኝም» አለች። እናቷ ደነገጡ። አንዲት ጤነኛ ወጣት ሴት ረመዳንን በሙሉ ሳታቋርጥ ስትጾም ምን ማለት እንደሆነ እናት ያውቃል። ከስንት ወር ጀምሮ እንደቆመባት ቢጠይቋት ዝም አለች። በዚያው ሳምንት፣ በጁምዓ ቀን፣ በሴቶች ክፍል ለሶላት ቆማ ሳለች ወደቀች።

ሐኪም ቤት ተወሰደች። የደም ማነስ ተገኘባት፤ የደም ግፊቷም ወርዶ ነበር። ሐኪሙ የወር አበባዋ የቆመው ሰውነቷ ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ምግብ ለብዙ ጊዜ በማግኘቱ መሆኑን አስረዳቸው። እናቷ ደብተሩን ይዘው ወደ እኛ መጡ። «ኡስታዝ፣ ይህን ይመልከቱልኝ። ልጄ ለአላህ ብላ የምትጾም መስሎኝ ነበር» አሉን። ገጾቹን ገለጥን። ከዳር እስከ ዳር ቁጥር ብቻ ነው። የምንመልሰው ቃል አጣን።

ካሎሪ ምንድን ነው?

አድማጮቻችን ሆይ! ከዚህ ታሪክ ተነስታችሁ «እንግዲያው ምግብን መቁጠር መጥፎ ነው» እንዳትሉ። ጥፋቱ ከመቁጠሩ አልነበረም። ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ካሎሪ ማለት ኃይል የሚለካበት መስፈርት ነው። ርቀትን በሜትር፣ እህልን በኪሎ እንደምንለካው ሁሉ በምግብ ውስጥ ያለው ኃይል በካሎሪ ይለካል። በምግብ ማሸጊያ ላይ የምናነበው አንድ ካሎሪ የአንድ ኪሎ ውሃን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ የሚያደርግ ኃይል ነው። ዊልበር አትዋተር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ሰዎችን በልዩ ክፍል ውስጥ እያስገባ የሚበሉትንና ሰውነታቸው የሚያወጣውን ሙቀት ይለካ ነበር። ዛሬም የምንጠቀምበት ስሌት ከእሱ ሥራ የመጣ ነው። በዚህ ስሌት አንድ ግራም ስኳር ወይም ዱቄት 4 ካሎሪ ያህል፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ያህል፣ አንድ ግራም ቅባት ደግሞ 9 ካሎሪ ያህል ይሰጣል።

ይህ ኃይል የሚጠፋው ስንሮጥ ወይም ሸክም ስንሸከም ብቻ አይደለም። በአብዛኞቻችን ዘንድ ከምንበላው ኃይል የሚበልጠው እጅ የሚውለው ዝም ብለን ተኝተን እንኳ ለማይቋረጠው ሥራ ነው። ልብ ይመታል፤ ሳንባ ይተነፍሳል፤ አእምሮ ይሠራል፤ ኩላሊት ያጣራል፤ የሰውነት ሙቀት ይጠበቃል። ሱብሓነላህ! እኛ ሳናዝዘው ሌት ተቀን የሚያገለግለን ይህ አካል ቀለቡ ይህ ነው። ቀለቡን የነፈግነው እንደሆነ ከየት ያመጣል?

መለካት ራሱ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዘካን በኒሳብ፣ ዘካተል ፊጥርን በቁና እንለካለን። የሶላትን ወቅት በደቂቃ እንቆጥራለን። ስለዚህ የሚበላውን ለማወቅ የሚቆጥር ሰው የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ጥያቄው ለምንና እስከ ምን ድረስ ይቆጥራል የሚለው ነው።

የላይኛው ወሰን

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 31 ላይ መብላትንና መጠጣትን አዝዞ ወዲያውኑ ወሰን ማለፍን ይከለክላል። ይህ የላይኛው ወሰን ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን ይህን ወሰን አልፈናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2022 (እ.ኤ.አ) በዓለም ላይ ወደ 2.5 ቢሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነበር። ከእነሱም ውስጥ 890 ሚሊዮን ያህሉ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ነበሩ። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመምና የጉልበት ሕመም የዚህ ጎረቤቶች ናቸው። በየመስጂዳችን በሱጁድ ፈንታ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱት ወንድሞቻችን ቁጥር ሲጨምር እናያለን። ከእነሱ መካከል ክብደቱ ጉልበቱን የጎዳበት አለ።

እኛም ራሳችን ከዚህ ነፃ አይደለንም። የኢማም ነገር ታውቁታላችሁ። ዛሬ አቂቃ፣ ነገ ኒካሕ፣ ከነገ ወዲያ የዱዓ ግብዣ ነው። ባለቤቱ «ያለ እርስዎ አይሆንም» ይላል፤ ጉርሻው ይደራረባል። ስለዚህ ክብደቱ ጤናውን የጎዳበት ሰው ክብደቱን ለመቀነስ ቢነሳ ሰውነቱን ለመጠበቅ ያደረገው ነውና መልካም ሥራ ነው፤ ኒያውን ካስተካከለም ምንዳ እንዲያገኝበት ከአላህ እንከጅላለን።

የታችኛው ወሰን

የብዙዎቻችን ስህተት ግን እዚህ ላይ ነው። የላይኛውን ወሰን እናውቅና የታችኛውን እንረሳለን። ሚቅዳም ቢን መዕዲከሪብ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና ቲርሚዚ የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሆድን ከልክ በላይ መሙላትን ነቅፈው፣ የበለጠ መብላት ካስፈለገም አንድ ሦስተኛውን ለምግብ፣ አንድ ሦስተኛውን ለመጠጥ፣ አንድ ሦስተኛውን ለትንፋሽ ማድረግን አስተምረዋል። ሐዲሱ በየደርሱ ይነሳል። ነገር ግን በመካከሉ አንድ ነገር አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሰው ልጅ ይበቃዋል ያሉት ምግብ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውን ያህል ነው። እንግዲህ አስተውሉ! ትንሹ መጠን እንኳ መለኪያ ተሰጥቶታል። ጀርባን ቀጥ አድርጎ የማያቆም ምግብ ከትንሹ መጠንም በታች ነው። እህታችን ለሶላት ቆማ የወደቀች ዕለት ከዚህ ወሰን በታች ነበረች። እኛ ሐዲሱን ለዓመታት ስናስተምር ይህን ክፍል ለዚህ ጉዳይ አላዋልነውም ነበር።

የሕክምና ባለሙያዎችም ይህን ወሰን በቁጥር ያስቀምጡታል። የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እንደሚለው፣ ክብደትን ባለበት ለማቆየት በአማካይ ለሴት በቀን 2000፣ ለወንድ 2500 ካሎሪ ያህል ያስፈልጋል። ይህ እንደ ቁመት፣ እንደ ዕድሜና እንደ ሥራ ይለያያል። ክብደት መቀነስ የሚፈልግ አብዛኛው ሰው ከሚያስፈልገው ላይ በቀን 600 ካሎሪ ያህል ቢቀንስ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቀስ እያለ ሊቀንስ ይችላል። በቀን ከ800 ካሎሪ በታች የሆነ አመጋገብ ግን በሐኪም ቁጥጥር ሥር ካልሆነ በስተቀር አይመከርም። የእህታችን 500 የት እንደሚወድቅ እናንተው ፍረዱ።

ከዚህ በታች ሲወረድ ሰውነት ስቡን ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው፤ ጡንቻውንም ይበላል። ፀጉር ይረግፋል፤ ብርድ ይበረታል፤ የሴቶች የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቆማል። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሐሞት ጠጠርም ሊፈጠር ይችላል። በመጨረሻ ርሃቡ ያሸንፍና የተከለከለው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይበላል፤ ኪሎውም ተመልሶ ይመጣል።

በታሪክም የታወቀ ምስክር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ በ1944 እና 1945 (እ.ኤ.አ)፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ ፈቃደኛ የሆኑ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ይዞ አንድ ጥናት አካሄደ። ዓላማው በጦርነቱ የተራቡ ሰዎች እንዴት ተመልሰው እንደሚያገግሙ ለማወቅ ነበር። ለስድስት ወር ያህል በቀን ወደ 1600 ካሎሪ የሚጠጋ ምግብ እየተሰጣቸው ብዙ እንዲራመዱ ተደረገ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ነገር ግን ያጡት ክብደት ብቻ አልነበረም። ብርድ አስቸገራቸው፤ ራሳቸው ዞረ፤ ተቆጪና ዝምተኛ ሆኑ። ሐሳባቸው ሁሉ ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። አንዳንዶቹ የማይሠሩትን የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ ቁጭ ብለው ያነቡ ነበር። እነዚህ ጤነኛ፣ በሐኪም የሚጠበቁ ሰዎች ናቸው። ምግብ ያነሰው ሰው ልቡም ለዚክርና ለሶላት ቦታ ያጣል። ለቤተሰቡም ትዕግሥት ያጣል።

ጾም ለምን?

ጾም የዒባዳ ክፍል ነው። በጾም ሰውነት ቢጠቀም ከአላህ የሆነ ተጨማሪ ጸጋ ነው። ዋናው ኒያ ኪሎ ለመቀነስ ከሆነ ግን ያ ዳይት እንጂ ጾም ብለን ልንኮራበት የምንችል ነገር አይደለም። ሥራዎች በኒያ እንደሚመዘኑ ሁላችንም እናውቃለን። እህታችን ራሷ እንዲህ አለችን፦ «መጀመሪያ ለአላህ ብዬ ነበር የጀመርኩት። በኋላ ግን ሚዛን ላይ ሳልወጣ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም።»

ኒያው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ወሰን አለው። ዐብደላህ ቢን ዐምር (ረ.ዐ) ወጣት ሳሉ ቀኑን ሁሉ እየጾሙ ሌሊቱን ሁሉ እየሰገዱ ማሳለፍ ጀመሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ከለከሏቸው። ሰውነታቸው፣ ዓይናቸው፣ ባለቤታቸውና እንግዳቸው በእሳቸው ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነገሯቸው። በወር ሦስት ቀን እንዲጾሙ መከሯቸው። ዐብደላህ ከዚህ የበለጠ እችላለሁ እያሉ ቢለምኑ የመጨረሻው ወሰን የነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ጾም ሆነ፤ ይኸውም አንድ ቀን መጾም፣ አንድ ቀን መፈሰክ ነው። ዐብደላህ ሲያረጁ ያንን የመጀመሪያውን ማቅለያ ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ ብለው ተመኙ። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉ። ዛሬ ሰውነታችሁ የሚችል መስሎ ይታያችኋል። ሒሳቡ የሚመጣው በኋላ ነው።

የሰልማንንም (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ሰልማን ወንድማቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ቤቱ እንደተጓደለ አዩ። ምግብ ሲቀርብ አቡ ደርዳእ ጾመኛ ነኝ አሉ። ሰልማንም አንተ ካልበላህ እኔም አልበላም ብለው አብረው እንዲበሉ አደረጓቸው። ከዚያም ለጌታ፣ ለነፍስና ለቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሐቁን መስጠት እንደሚገባ ነገሯቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰልማንን ንግግር አጸደቁ። እኛ ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ አስተምረናል! ሆኖም ጾመኛ ናት ሲሉን እንደ ሰልማን አላየንም፤ አልጠየቅንም። ማሻአላህ ብለን አለፍን።

ከአንድ ትሪ እየበላን እንዴት እንቆጥራለን?

ብዙ እህቶች «እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ ማን የማንን ይቆጥራል?» ይላሉ። እውነት ነው። አብሮ መብላት በረካ ነው፤ እሱን ተዉት አንልም። ከትሪው ይልቅ ድስቱን መቁጠር ይቀላል።

በመጀመሪያ ስኳሩን እንይ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፤ ይህም 16 ካሎሪ ነው። በቀን አራት ስኒ ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው 12 ማንኪያ ይጠጣል። 190 ካሎሪ ያህል ሆነ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2000 ካሎሪ አመጋገብ ውስጥ ተጨማሪ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ይህ ሰው በሻይ ብቻ 48 ግራም ደርሷል። በየስኒው ሁለቱን ማንኪያ ቢተው 128 ካሎሪ ቀነሰ።

ቀጥሎ ዘይቱን እንይ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስቱ የምታፈስ እናት ስምንት ማንኪያ ማፍሰሷን አታውቅም። ወጡን አራት ሰው ቢበላው ለእያንዳንዱ 240 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ደረሰው። በማንኪያ ለክታ አራት ብታደርገው ለእያንዳንዱ 120 ቀነሰለት። ከስኳሩ ጋር ሲደመር ወደ 250 ካሎሪ ነው። እስካሁን ከማንም ፊት አንድ ቁራሽ እንጀራ አላነሳንም። ማንም አልተራበም።

በሦስተኛ ደረጃ የምንቀንሰውን ብቻ ሳይሆን የማንቀንሰውን እንወቅ። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ጎመንና ሌሎች አትክልቶች ይኑሩ። ክብደት የሚቀንስ ሰው ጡንቻው እንዳይጎዳ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ደብተር የሚይዝ ሰው «ከዚህ አይበልጥም» የሚለውን ቁጥር ሲጽፍ «ከዚህ አያንስም» የሚለውንም አጠገቡ ይጻፍ። ቁጥሩንም ከባለሙያ ጋር ይወስን። ማታ ሲደምር አንሶ ካገኘው ይብላ እንጂ ደስ አይበለው።

በአራተኛ ደረጃ በጾም ወቅት ሱሑርን አንተው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱሑር በረካ እንዳለበት ነግረውናል። በመግሪብ በቴምርና በውሃ አፍጥረን፣ ሰግደን፣ ከዚያ ሾርባውንና ዋናውን ምግብ ረጋ ብለን እንብላ። በዘይት የተጠበሰው ሳምቡሳ አንድ ሁለት ይበቃል።

በአምስተኛ ደረጃ ለእናቶች አንድ ነገር እንበል። ልጆች ያስተረፉትን «ይበላሻል፣ እስራፍ ነው» ብላችሁ እናንተ ላይ አትጨርሱት። እስራፍ የሚቀረው ትንሽ በመሥራት፣ የተረፈውንም ለሚቀጥለው ጊዜ በማስቀመጥ ወይም ለተቸገረ በመስጠት ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ሁሉን አብልታችሁ እናንተ በቆሎና በቡና የምትውሉ አላችሁ። ይህም የሰውነትን ሐቅ መንፈግ ነው።

በሚዛን ላይም በየቀኑ አንውጣ፤ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩን አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽ ቢሆንም የሚዘወተረው ነው። ለአካልም ይኸው ይሠራል።

ከአንደበታችን እንጠንቀቅ

የእህታችን መከራ የጀመረው ከምግብ አልነበረም። በአንዲት የቀልድ ቃል ነው የጀመረው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 11 ላይ ወንዶች በወንዶች፣ ሴቶችም በሴቶች እንዳይሳለቁ ከልክሏል። እኛ ግን ሰው ስናገኝ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ወፈርሽ»፣ «ምነው ከሳህ» እንላለን። የሰው ሰውነት የቀልድ ርዕስ አይደለም። ባሎች ሆይ፣ ከወሊድ በኋላ የተለወጠውን የሚስታችሁን አካል አትተቹ፤ ልጃችሁን ተሸክሞ ነው የተለወጠው። አባቶችና እናቶች ሆይ፣ በልጆቻችሁ ፊት ስለ ራሳችሁ ውፍረት ሁልጊዜ በጥላቻ አታውሩ፤ ልጆች ይሰማሉ።

ሐኪም ዘንድ መቼ እንሂድ?

እርጉዝና የምታጠባ እናት፣ በማደግ ላይ ያሉ ልጆች፣ ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖች ያለ ሐኪም ምክር ምግባቸውን አይቀንሱ። የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ወስዶ ምግቡን ቢቀንስ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበትና ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል። አላህ (ሱ.ወ) ለሕመምተኛ ከረመዳን ጾም እንኳ ማቅለያ የሰጠ ጌታ ነው፤ ለእኛ ገርን እንጂ ችግርን እንደማይሻ በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 185 ነግሮናል።

በቤታችሁ ራሷን የምትስት፣ ልቧ የሚመታባት፣ የወር አበባዋ የቆመ፣ ከሰው ጋር መብላት የምትሸሽ፣ ወይም በልታ ሆን ብላ የምታስመልስ ልጅ ካለች ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። በወንዶች ልጆችም ላይ ይደርሳል። ይህ የኢማን ድክመት ወይም ቅብጠት ነው ብላችሁ አትገሥጿቸው። የታወቀ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። ዱዓው ከሕክምናው ጋር ይሂድ።

በመጨረሻም

እህታችን አልሐምዱሊላህ ዛሬ በመልካም ሁኔታ ላይ ትገኛለች። በሐኪምና በሥነ ምግብ ባለሙያ እየተረዳች ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች። ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናቷ በየማዕዱ አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። «አንቺ ካልበላሽ እኔም አልበላም» ይሏት ነበር። ሰልማን ያደረጉትን እናቷ አደረጉት። ኒካሑ በሁለቱ ቤተሰቦች ስምምነት ተላልፎ በኋላ ተፈጸመ። እኛም በዚያው የሴቶች ደርስ ላይ፣ እሷን በማይነካ መልኩ፣ ጾምን ያለ ልክ በማወደሳችን መሳሳታችንን ተናገርን። ከደርሱ በኋላ ሁለት ሌሎች እናቶች ስለ ልጆቻቸው ሊያማክሩን ቀርተው ጠበቁን።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰውነታችን ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። በመብዛትም በማነስም እንጠየቅበታለን። ዛሬ ማታ በማዕዳችሁ ዙሪያ ስትቀመጡ አንድ ነገር አድርጉ። ማን ከልክ በላይ እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን ማን እንደማይበላ ተመልከቱ። በገር ቃልም ጠይቁት።

አላህ ሆይ! በሰጠኸን ሲሳይ ባርክልን። ከማባከንም ራሳችንን ከመጉዳትም ጠብቀን። ሕመምተኞቻችንን ፈውስልን። ምላሳችንን ሰውን ከማቁሰል ጠብቅልን። በአንተ ፊት የምንቆምበትን ጉልበት አትንሣን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።